መልካም ሰው መሆን ለመልካም መሪነት ይበቃልን?

በየቁምስናው የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ስለ ማኅበራዊ ኑሮ ሲያስተምሩ ከወጣቶች ዘንድ ደጋግሞ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም «በዴሞክራሲ ሥርዓት መልካም መሪ የሚባለው እንዴት ያለ ሰው ነው?» የሚል ነው። መልሱም ብዙውን ጊዜ ፈጥኖ ይመጣል፤ እውነተኛ፣ ትሑት፣ ጉቦ የማይቀበል፣ ድኻውን የማይረሳ፣ እግዚአብሔርን የሚፈራ ሰው ነው ይባላል። ይህ መልስ ስሕተት የለበትም። ነገር ግን እንዲህ ያለው ሰው በዘውድ ዘመን መልካም ንጉሥ፣ በቤተሰብ መካከል መልካም አባት፣ በገዳም ውስጥም መልካም አበምኔት ሊሆን ይችላል። የዴሞክራሲ ሥርዓት ከመሪው አንዳች የተለየ ነገር የሚጠይቅ ከሆነ፣ ያ ነገር ምን እንደሆነ ገና አልተነገረም። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ይህንኑ ነው።

«ዴሞክራሲ» የሚለው ቃል ከሁለት የግሪክ ቃላት የተገኘ ሲሆን፣ ትርጉሙ የሕዝብ ሥልጣን ማለት እንደሆነ ብዙዎቻችን እናውቃለን። ሥልጣን የሕዝብ ነው ከተባለ መሪው የያዘው የራሱን ንብረት ሳይሆን የሌላውን አደራ ነው። አደራ ያስቀመጠ ሰው ደግሞ አደራው በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ የመጠየቅ፣ ሲያስፈልገውም መልሶ የመውሰድ መብት አለው። «ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» የሚለው የቀድሞ ሰዎች አባባል የበቀለው ከዚህ ፍጹም ተቃራኒ ከሆነ አስተሳሰብ ነው። ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በ1991 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ባወጡት «ቼንተዚሙስ አኑስ» በተሰኘው መልእክታቸው ቤተ ክርስቲያን ይህን ሥርዓት የምታከብርበትን ምክንያት ገልጸዋል። ዜጎች በፖለቲካዊ ውሳኔ ስለሚሳተፉበት፣ የሚያስተዳድሯቸውን ስለሚመርጡበትና ስለሚቆጣጠሩበት፣ አስፈላጊ ሲሆንም በሰላማዊ መንገድ ስለሚለውጡበት ነው። ልብ እንበል፤ ሥርዓቱ ደጋግ መሪዎችን ስለሚያስገኝ ነው አላሉም። ደግ መሪ በማናቸውም ሥርዓት ሊገኝ ይችላልና።

እንግዲህ ነገሩ በሐሳብ ብቻ እንዳይቀር የአንድን መሪ ሕይወት ለምሳሌ መርጠናል። ክፉ መሪ መርጠን ቢሆን ኖሮ ሥራችን በቀለለ ነበር፤ በክፉዎች ላይ ለመፍረድ ሁላችንም ፈጣኖች ነንና። የመረጥነው ግን ከአፍሪካ የነፃነት መሪዎች መካከል ስለ ቅንነታቸው የተቃወሟቸው እንኳ የመሰከሩላቸውን፣ የታንዛኒያን የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ጁሊየስ ኔሬሬን ነው።

ኔሬሬ በ1922 ከቪክቶሪያ ሐይቅ በስተ ምሥራቅ በምትገኘው በቡቲያማ መንደር፣ ዛናኪ ከተባለው ትንሽ ነገድ አለቃ ቤት ተወለዱ። በ1943 የካቶሊክ ጥምቀት ተቀበሉ። በኡጋንዳ በማኬሬሬ፣ ኋላም በስኮትላንድ በኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ ተማሩ፤ በታቦራና ከዳሬሰላም አጠገብ ባለው በፑጉ የካቶሊክ ትምህርት ቤቶችም አስተማሩ። «ምዋሊሙ»፣ ማለት «መምህር» የሚለው የስዋሂሊ መጠሪያ እስከ ዕለተ ሞታቸው ያልተለያቸው ከዚህ የተነሣ ነው። በ1954 ታኑ የተባለውን ፓርቲ ከጓደኞቻቸው ጋር መሠረቱ፤ በሚቀጥለው ዓመት ማስተማርንና ፖለቲካን አንድ ላይ መያዝ የማይቻል ሲሆንባቸው የመምህርነቱን ሥራ ለቀቁ። ታንጋኒካም በ1961 ያለ ጦርነት ነፃ ወጣች።

ነፃነት ከተገኘ ገና ሁለት ወር ሳይሞላ ኔሬሬ ያደረጉት ነገር ዛሬም ቢሆን ያስደንቃል። የጠቅላይ ሚኒስትርነቱን ወንበር ለራሺዲ ካዋዋ ለቀው ፓርቲያቸውን በየገጠሩ ለማደራጀት ሄዱ። በዚያው ዓመት መጨረሻ በ1962 ሀገሪቱ ሪፑብሊክ ስትሆን በምርጫ ፕሬዚዳንት ሆነው ተመለሱ። በ1967 በወጣው የአሩሻ መግለጫም የፓርቲና የመንግሥት መሪዎች በኩባንያዎች ውስጥ አክሲዮን እንዳይኖራቸው፣ ሁለት ደመወዝ እንዳይቀበሉ፣ ቤትም እንዳያከራዩ የሚከለክል ደንብ ተደነገገ። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እየተባለ በሚተረትበት አገር ላደግን ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር ነው። እርሳቸው ራሳቸው ሀብት ሳያከማቹ ኖሩ፤ ኖረውም ሞቱ። መጽሐፍ የሚወዱ ሰው ስለነበሩ የሼክስፒርን «ጁሊየስ ቄሳር» ወደ ስዋሂሊ ተርጉመዋል። ስለ ሥልጣን ፍቅርና ስለ ሥልጣን ፍርሃት የሚናገረውን ይህን ተውኔት የሀገር መሪ ሆኖ ቃል በቃል እያመዛዘነ የተረጎመ ሰው ብዙ አይገኝም።

ጌታችን ለያዕቆብና ለዮሐንስ፣ ታላቅ ሊሆን የሚወድ ሁሉ አገልጋይ ይሁን ብሎ ያስተማረውን ትምህርት (ማር. 10) ከእነዚህ ተግባሮች ጋር ማስተያየት አያስቸግርም። በነገራችን ላይ ዛሬ ለትልቅ ሹመት የምንጠቀምበት «ሚኒስትር» የሚለው ቃል በላቲን ትርጉሙ አገልጋይ ማለት ነው። ሆኖም ራሱን የሕዝብ አገልጋይ ብሎ ያልጠራ ገዥ ስለማይገኝ፣ በስሙ ብቻ ምንም ልናውቅ አንችልም። አገልጋይን ከጌታ የሚለየው ስሙ አይደለም፤ ጌታው «ተው» ሲለው የሚተው መሆኑ ነው። የኔሬሬ ሕይወት እጅግ አስተማሪ የሚሆነውም በዚህ ነጥብ ላይ ነው።

በ1962 ሰውን ያለ ፍርድ ማሰር የሚፈቅድ ሕግ በታንጋኒካ ወጣ። በ1965 ደግሞ ሀገሪቱ አንድ ፓርቲ ብቻ እንዲኖራት በሕገ መንግሥት ተወሰነ። ኔሬሬ ለዚህ ያቀረቡት ምክንያት የሚናቅ አልነበረም። በአፍሪካ ባህል ሽማግሌዎች በትልቅ ዛፍ ሥር ተቀምጠው እስኪስማሙ ድረስ ይወያያሉ እንጂ ሁለት ጎራ ለይተው አይፋለሙም፤ ነፃነቷን ገና ያገኘች ድኻ ሀገርም በፓርቲ ሽኩቻ የምታባክነው ጉልበት የላትም የሚል ነበር። ደግሞም ምርጫው ጨርሶ ለይስሙላ የሚደረግ አልነበረም፤ በየምርጫ ክልሉ የአንዱ ፓርቲ ሁለት ዕጩዎች ስለሚወዳደሩ በ1965 ምርጫ ሚኒስትሮች ሳይቀሩ መቀመጫቸውን አጥተዋል። በዋርካ ሥር የሚደረግ ሽምግልናን ለምናውቅ ለእኛ ይህ ሐሳብ ልብ የሚማርክ ነው። ነገር ግን በዋርካው ሥር የተቀመጠ ሽማግሌ የጓደኛውን ሐሳብ ሳይቀበል ቢቀር ከዘራውን ይዞ በሰላም ወደ ቤቱ ይገባል። ከሽማግሌዎቹ አንዱ የእስር ቤት ቁልፍ በኪሱ የያዘ እንደሆነ ግን ስምምነቱ ስምምነት መሆኑ በምን ይታወቃል?

በ1972 ኔሬሬ በሕዝብ የተመረጡትን የአካባቢ መስተዳድሮች አፈረሱ፤ በ1976 ደግሞ ገበሬዎች ምርታቸውን የሚሸጡባቸው የኅብረት ሥራ ማኅበራት እንዲበተኑ ተደረገ። በሁለቱ ዓመታት መካከል፣ በ1973፣ ተበታትኖ የሚኖረው የገጠር ሕዝብ ሁሉ ወደ መንደር እንዲሰበሰብ የሚያስገድድ ትእዛዝ ተላለፈ። «ኡጃማ» የተባለው የወንድማማችነት ኑሮ ሲጀመር በፈቃደኝነት እንዲሆን ታስቦ ነበር። ዓላማውም በጎ ነበር፤ ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያና ንጹሕ ውኃ ለሁሉም ለማድረስ፤ በትምህርት ረገድም ታላቅ ፍሬ ተገኝቶበታል። ገበሬው በፈቃዱ ሲዘገይ ግን በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ በግዴታ ተዛወረ፤ በአንዳንድ ቦታም ተመልሶ እንዳይመጣ ጎጆው ተቃጠለ። እርሻውና መኖሪያው ተራራቁ፤ ድርቅም ተጨምሮበት ሀገሪቱ እህል ከውጭ ለማስገባት ተገደደች። በሀገራችንም በደርግ ዘመን የተካሄደውን መንደር ምሥረታ የሚያስታውሱ አንባብያን ይህን ለመረዳት ረጅም ማብራሪያ አያሻቸውም።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስተውል። ይህን ያደረጉት ስግብግብ ሰው አልነበሩም። ይቆርቡ የነበሩ፣ ለድኻው የሚያዝኑ፣ ለራሳቸው ምንም ያልፈለጉ ሰው ነበሩ። ምናልባትም ችግሩ ከፊል የመነጨው ከዚሁ ነው እንላለን። ስለ ራሱ ጥቅም የሚሠራ ሰው በኅሊናው ጥቂት ያፍራል፤ ስለዚህም አንዳንድ ጊዜ ያመነታል። ለሕዝብ በጎ እያደረግሁ ነው ብሎ ከልቡ የሚያምን ሰው ግን የሚያፍርበት ነገር ስለሌለው፣ የሚቃወመውን ሰው የሚያየው እንደ አላዋቂ ወይም የበጎ ነገር ጠላት አድርጎ ነው። የገበሬውን እምቢታ ወደ ዳሬሰላም ሊያደርሱ ይችሉ የነበሩት የአካባቢው ምክር ቤትና የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ነበሩ፤ ከእነዚህ አንዱ አስቀድሞ ፈርሷል፣ ሌላውም ብዙ ሳይቆይ ተከተለው። ር.ሊ.ጳ. ፒዮስ 11ኛ በ1931 «ኳድራጀዚሞ አኖ» በተባለው መልእክታቸው፣ ትንሹ ማኅበር ሊሠራው የሚችለውን ትልቁ ማኅበር ወስዶ መሥራቱ በደል ነው ብለው ያስተማሩት ትምህርት ብዙዎች ሲሰሙት የአስተዳደር ጉዳይ ብቻ ይመስላቸዋል። በታንዛኒያ ገበሬ ላይ የደረሰውን ስናይ ግን ትንሹ ማኅበር የሥራ ክፍፍል ብቻ ሳይሆን የሕዝብ አንደበትም እንደሆነ እንረዳለን።

ንጉሥ ዳዊት ምን ያህል ለፍትሕ የሚቆረቆር ሰው እንደነበር በሁለተኛው መጽሐፈ ሳሙኤል ምዕራፍ 12 እናነባለን። ነቢዩ ናታን የድኻውን አንዲት በግ ስለወሰደው ባለጠጋ ሲነግረው ዳዊት ተቆጥቶ በሰውየው ላይ ፈረደበት። የፍትሕ ፍቅሩ እውነተኛ ነበር፤ ነገር ግን ያ ባለጠጋ እርሱ ራሱ መሆኑን አላወቀም። ናታን እስኪነግረው ድረስ ሊያውቀው አልቻለም። እንግዲህ የዳዊት መልካምነት ያለ ናታን ምን ዋጋ ነበረው? የናታንን ቃል ሰምቶ ያላሰረው፣ ያላባረረው መሆኑ ከብዙ ድሎቹ ይልቅ ለመሪነቱ ይመሰክርለታል። በዴሞክራሲ ሥርዓት ጋዜጣው፣ ፍርድ ቤቱ፣ ተቃዋሚ ፓርቲውና የሠራተኛ ማኅበሩ ሁሉ ነቢያት ናቸው ልንል አንደፍርም፤ ብዙ ጊዜም ከነቢይ እጅግ የራቁ ናቸው። የናታንን በር ክፍት አድርገው የሚይዙት ግን እነርሱ ናቸው።

ኔሬሬ ይህን ሳያስተውሉ አላለፉም። በ1984 በሰጡት ቃለ መጠይቅ፣ እንደ ገና ቢጀምሩ የማያደርጓቸውን ሁለት ነገሮች ጠቅሰዋል፤ እነዚህም የአካባቢ መስተዳድሮችን ማፍረስና የኅብረት ሥራ ማኅበራትን መበተን ናቸው። ትዕግሥት እንዳልነበራቸው፣ እንዳላወቁም ተናገሩ። በሚቀጥለው ዓመት፣ ማንም ሳያስገድዳቸው፣ ከፕሬዚዳንትነት ወርደው ሥልጣኑን ለአሊ ሐሰን ምዊኒ አስረከቡ፤ የፓርቲውን ሊቀ መንበርነት ደግሞ በ1990 ለቀቁ። በዚያ ዘመን ከአፍሪካ መሪዎች በሕይወት ሳሉ በፈቃዳቸው የወረዱት ጥቂቶች ነበሩ። በሀገራችን በኦሮሞ ሕዝብ የገዳ ሥርዓት ግን አባ ገዳው ስምንት ዓመቱን ሲጨርስ ለተተኪው ያስረክባል፤ ይህን የሚያደርገው ደግ ስለሆነ ሳይሆን ሥርዓቱ ስለሆነ ነው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ኔሬሬ የወረዱት በፈቃዳቸው ነው፤ ሕዝቡ የመሪውን ፈቃድ ከመጠበቅ ሌላ መንገድ አልነበረውም።

ከዚህ በኋላ የመጣው ነገር ለክርክር የሚሆን ነው፤ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራንም በክፍል ውስጥ ቢያነሡት መልካም ይመስለናል። በ1991 በዳኛ ፍራንሲስ ኒያላሊ የሚመራ ኮሚሽን ተቋቁሞ ሀገሪቱ በአንድ ፓርቲ ትቀጥል ወይስ ብዙ ፓርቲዎች ይኑሯት ብሎ ሕዝቡን ጠየቀ። ሐሳባቸውን ከሰጡት 80 በመቶ ያህሉ አንድ ፓርቲ ይቀጥል ሲሉ፣ 20 በመቶ ያህሉ ብዙ ፓርቲ ይፈቀድ አሉ። ኮሚሽኑ ግን የጥቂቶቹን ሐሳብ ደግፎ የብዙ ፓርቲ ሥርዓት እንዲጀመር ሐሳብ አቀረበ፤ በ1992ም ሕገ መንግሥቱ ተሻሻለ። የአንድ ፓርቲ ሥርዓት አባት የነበሩት ኔሬሬም ይህን ለውጥ ደገፉ።

«ታዲያ ይህ ዴሞክራሲ ነው? ብዙኃኑ ያለው ቀርቶ ጥቂቶቹ ያሉት ሲፈጸም?» የሚል ወጣት ቢነሣ ጥያቄው ተገቢ ነው። እኛ የሚመስለን እንዲህ ነው። ብዙኃኑ በድምፁ ማን ይምራ፣ ግብር ምን ያህል ይሁን፣ መንገዱ በየት ይውጣ ብሎ ሊወስን ይችላል። ሌላው ሰው አፉን ይክፈት ወይስ ይዝጋ የሚለው ግን በብዙኃኑ እጅ የተሰጠ ጉዳይ አይደለም፤ የመናገርና የመደራጀት መብት ከሰው ክብር የሚመነጭ እንጂ በእጅ ብልጫ የሚሰጥና የሚነሣ ስጦታ አይደለምና። ጲላጦስ በጌታችን ላይ አንዳች በደል አላገኘም፤ ነገር ግን ሕዝቡን ጠየቀ፣ ሕዝቡም በርባንን መረጠ፣ እርሱም እጁን ታጠበ። በቁጥር ብቻ ከሄድን የጲላጦስን ሥራ የምንነቅፍበት መሠረት አይኖረንም። ስለዚህ በዴሞክራሲ መልካም መሪ የሚባለው ብዙኃኑ ወደ ጮኸበት አቅጣጫ ሁሉ የሚሮጥ አይደለም። በሌላ በኩል ግን «ሕዝቡ የሚጠቅመውን አያውቅም» ብሎ ጎጆ የሚያቃጥልም አይደለም። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ ጠባብ ነው፤ ኔሬሬ በሁለተኛው በኩል ብዙ ዓመት ስተው፣ በስተርጅናቸው ወደ መንገዱ ገቡ ብንል ያጋነንን አይመስለንም።

በጥቅምት ወር 1999 ለንደን ውስጥ አርፈው በትውልድ መንደራቸው በቡቲያማ ተቀበሩ። በ2005 የሙሶማ ሀገረ ስብከት የብፅዕና ጉዳያቸውን ምርመራ ስለጀመረ ዛሬ «የእግዚአብሔር አገልጋይ» ተብለው ይጠራሉ። ስለ ቅድስናቸው የምትፈርደው ቤተ ክርስቲያን ናት፤ እኛ የተነጋገርነው ስለ አስተዳደራቸው ነው። ከእርሳቸው በኋላ የመጡ ፕሬዚዳንቶች ሁለት የሥልጣን ዘመናቸውን ሲጨርሱ መውረዳቸው እርሳቸው የተዉት መልካም ልማድ ነው። ይሁን እንጂ የመሠረቱት ፓርቲ እስከ ዛሬ ከሥልጣን ወርዶ አያውቅም። በ2025 ዋነኛው ተቃዋሚ ፓርቲ ከውድድሩ ተወግዶ በተደረገው ምርጫ ሁከት ተነሥቶ የሰው ሕይወት ጠፍቷል። ተቃዋሚን እንደ ጠላት የማየት ልማድ ልማዱን ከጀመሩት ደግ ሰዎች ይልቅ ረጅም ዕድሜ ይኖረዋል።

ወደ ራሳችን እንመለስ። ብዙዎቻችን ፕሬዚዳንት የመሆን ዕድል የለንም፤ ነገር ግን ሁላችንም ማለት ይቻላል የእድር አባል ነን፣ አንዳንዶቻችንም የቁምስና ምክር ቤት አባል ነን። እድር ዳኛውን፣ ጸሐፊውንና ገንዘብ ያዡን በአባላት ምርጫ ይሾማል፤ ሒሳቡንም በጉባኤ ፊት ያቀርባል። ዴሞክራሲን ከውጭ የመጣ እንግዳ ነገር አድርገን ስንናገር ይህን መርሳታችን ያሳዝናል። ሆኖም በእድሮቻችንና በምክር ቤቶቻችን ምን ያህል ጊዜ ነው፣ ገንዘብ ያዡ ደግ ሰው ስለሆነ ብቻ ለብዙ ዓመታት ሳይቀየር፣ ሒሳቡም በሚገባ ሳይመረመር የሚቀረው? «እርሱን የሚተካ ከየት ይገኛል?» እንላለን። አንድ ወጣት ተነሥቶ መዝገቡ ይታይልን ቢል፣ ሽማግሌዎቹ ይቆጡታል፤ ገንዘብ ያዡም «አልታመንሁም ማለት ነው?» ብሎ ያዝናል። በዚህ ጊዜ ያጠፋው ማን ነው? ሰውየው ሳንቲም አልነካ ይሆናል። ነገር ግን መጠየቅን እንደ ስድብ ሲቆጥር፣ እርሱ ካለፈ በኋላ ለሚመጣው ሌባ መንገዱን እየጠረገለት ነው።

ነቢዩ ሳሙኤል በሸመገለ ጊዜ ማንም ሳይጠይቀው ራሱን በሕዝቡ ፊት ለምርመራ አቆመ። የማንን በሬ ወሰድሁ፣ የማንን አህያ ወሰድሁ፣ ከማን እጅ ጉቦ ተቀበልሁ ብሎ ጠየቀ፤ ሕዝቡም ምንም አልወሰድህም ብለው መለሱለት (1ሳሙ. 12)። ያን ቀን ከመምጣቱ አስቀድሞ ልጆቹ ጉቦ እየተቀበሉ ፍርድ ያጣምሙ እንደነበር፣ ሽማግሌዎችም ይህን ፊት ለፊት እንደነገሩት በዚያው መጽሐፍ ምዕራፍ 8 ተጽፎአል። መምህራን ይህን ርእስ ሲያስተምሩ ሁለቱን ምዕራፎች አንድ ላይ ቢያስነብቡ፣ ከዚያም ወጣቶቹ በየቤታቸው አባቶቻቸውንና እናቶቻቸውን፣ የእድራቸው መዝገብ ለመጨረሻ ጊዜ በጉባኤ ፊት የተነበበው መቼ እንደሆነ ጠይቀው እንዲመጡ ቢያደርጉ፣ የሚቀጥለው ትምህርት ከዚያ መልስ ሊጀምር ይችላል።